የሬሕማ ጥቁር ድድ

ሬሕማ ስትስቅ ከጥርሷ ድዷ ይቀድማል፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ንቅሳት ነው። ገና ልጅ ሳለች ወሎ ላይ እናቷ ለነቃሿ አንድ ቁና ማሽላ ሰፍረው ያስነቀሷት ነው። ካርቱም መጥታ በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ከሱዳኑ ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አል-ሳሃፋ ሰፈር አንድ የግል ትምህርት ቤት ጽዳት ገባች። እኔ እዚያው ወጥ ቤት ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ለሠራተኛው ሁሉ ታእሚን፣ ማለት የሕክምና መድን ገባልን። ጥርስ ለማስሞላትና ለማስነቀል ይከፍላል፤ ለውበትና የመድን ካርዱ ከመውጣቱ በፊት ለነበረ በሽታ ግን አይከፍልም።

ያን ሰሞን የሬሕማ የፊት ጥርስ ተቦረቦረና አብሬያት የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ። ሂሻም የሚባል ልጅ እግር ሐኪም አፏን አስከፍቶ ድዷን ሲያይ ደነገጠና «የቆየ የድድ በሽታ» ብሎ ጻፈ። ክሊኒኩ በር ላይ የመድኑን ወረቀት የምትመረምረው ሙኒያ፣ «በሽታው የድሮ ነው፤ ማስሞያውን አንከፍልም። ማስነቀል ከፈለግሽ ግን ምክንያት አንጠይቅም» አለቻት።

እኔ ፈሪዋ፣ «ተነቀይና ተገላገይ» አልኳት።

«ነፃ ነው ተብሎ የፊት ጥርስ ይነቀላል? ወላሂ አላደርገውም! የምስቀው በዚህ ጥርስ ነው!»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ሬሕማ ዝንቡ ይግባ እንጂ ዝም አትልም። እጄን ጎትታ ወደ ሐኪሙ ክፍል መለሰችኝ።

«ዶክቶር፣ ሐቦባህ ከንፈሯን ተነቅሳለች?» አለችው። አያትህን ማለቷ ነው። የድሮ ሱዳን ሴቶች የታች ከንፈራቸውን ይነቀሱ ነበር።

ግራ ገባው። «አዎ፣ ተነቅሳለች።»

«በሽተኛ ናት?»

«ኧረ አይደለችም!»

«ታዲያ የእናቴን ሥራ ለምን በሽታ ብለህ ጻፍክ? ያላ፣ በእጅህ ንካው!»

ጓንቱን አጠለቀ። ድዷን ዙሪያውን ቢጫነው አይደማም፣ አላበጠም። አፈረ። የጻፈውን ሰርዞ «ንቅሳት ነው፣ በሽታ አይደለም» ብሎ ፈረመ፤ ሙኒያም ማኅተሟን መታችበት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ተነቀይ ባልኩበት አፌም አፈርኩ።

ጥርሱ ተሞልቶ ሲያልቅ ሐኪሙ ሊክሳት ፈልጎ መሰለኝ፣ እንደ አክስት «ኻልቲ» ብሎ ጠርቷት፣ «ይህን ጥቁረት በሌዘር ማንሳት ይቻላል። ግን ውበት ስለሆነ ታእሚን አይከፍልም» አላት።

ሬሕማ ማደንዘዣው ግማሽ ከንፈሯን እንደያዘው፣ ጠመም ብላ ሳቀችበት።

«የውበቱን እናቴ ከፍላለች» አለችው።