የጋሼ ነጭ ሳህን

ሜልቦርን ካለ ሐበሻ ሁሉ የኔን ዓይን የሚያህል የለም፤ እዚሁ ከተማ ዳር ታርኔት ቆሜ ምጽዋን አያለሁ። አጎቴ ጋሼም ይህን አምነው ሞቱ።

ድሮ ምጽዋ የባሕር ጥናት ሲሠሩ ነጭ ሳህን በገመድ ባሕር ውስጥ እያወረዱ፣ ስንት ሜትር ላይ ከዓይን እንደሚሰወር ይመዘግቡ ነበር። «በብርዱ ወራት ደቃቅ የባሕር ዕፅዋት ይበዛሉ፤ ውሃው አረንጓዴ ይሆንና ሳህኑ ቶሎ ይጠፋል። በሐሩር ይጠራል። ባሕርም እንደ ማሳ ወቅት አለው» ይሉኝ ነበር።

እዚህም ዓይናቸው ፈዞ እንኳ አልተዉትም። በየወሩ ባሕር ዳር ይዘውኝ ወርደው በየሜትሩ ያለውን የገመዱን ቋጠሮ በጣታቸው ይቆጥራሉ።

«ጠፋ፣ አንተ ቀጣፊ?»

«አሁን ጠፋ፣ ጋሼ!»

ደብተራቸው ላይ ይጽፉታል።

አሁን ሳህኑ መኪናዬ ውስጥ ይንኳኳል፤ «ጠፋ?» የሚለኝ የለም። ልጃቸው ደብተሩን ለተመራማሪዎች ሊሰጥ ነው። እኔ ግን ሳህኑ ሲጠፋ አንድም ቀን አላየሁም፤ መነጽር ለማድረግ አፍሬ፣ በግምት ነበር የምጮኸው።