በጋቢዬ ጫፍ የቋጠርኩት ፌጦ

በራችን ላይ አንዲት የቆርቆሮ ሳህን ተንጠልጥላለች። ከጓሳ ተራራ በኩል ነፋስ ሲነሳ ግድግዳውን ኳ ታደርጋለች፤ እኔም ካለሁበት «መጣሁ!» እላለሁ። ጉልበቴን ይዤ እስክነሳ ድረስ ነገሩ ይገባኛል። ሳህኗን ትመታት የነበረችው ባለቤቴ ካለፈው ክረምት ወዲህ ከደብሩ ጥድ ሥር አርፋለች። ከነፋስ ጋር የምነጋገር ሽማግሌ ሆኜላችኋለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም እስቃለሁ።

ከሳህኗ በፊት ድምፅ ነበር። ባለቤቴ ደጃችን ላይ ቆማ ስትጣራ ከገደሉ ማዶ ሣር ሳጭድ እሰማት ነበር። ስሜን አትጠራም። «አንተ ሰነፍ! ምሳህ ቀዘቀዘ!» ነው የምትለው። ስንፍናዬን ማዶ ያለው መንደር ሁሉ ያወቀው በእሷ ድምፅ ነው። አንዳንዴ እዚያ ማዶ ሌላ ሰነፍ ማጭዱን ጥሎ ይነሳ ነበር።

እንቅርቷ ግን አደገ። በልጅነቷ አንገቷን በሦስት መስመር አስነቅሰዋት ነበር፤ ለውበትም ነው፣ እንቅርቱንም ይይዘዋል ተብሎ ነው። አልያዘውም። ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። በመጨረሻ አዲስ አበባ ላሳክማት ተነሳን።

ሲሸኙን አማቴ አንድ ቋጠሮ ሰጡኝ። ከቀየት ገበያ የተገዛ፣ ደቆ የተወቀጠ ፌጦ ነው። «ስማኝ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ደም የፈሰሰው ሰው እንቅልፍ አይጣለው። ካሸለበች አፍንጫዋ ሥር ያዝላት፤ ነፍሷ ትመለሳለች።» የሳቸውን ምክር ሁልጊዜ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው የማፈስ ሰው፣ ይህችን ብቻ ጠንቅቄ ያዝኳት። ቋጠሮውን በጋቢዬ ጫፍ አሰርኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። «መሃለኛዋን የንቅሳት መስመር ተከትዬ ነው የምቀደው፤ ጠባሳው አይታይባትም» አለን። እንዳለውም አደረገ። ከቀትር በኋላ አልጋዋ ላይ አምጥተው አስተኟት። ክፍሉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነጩ አንሶላ ላይ ተኝታለች፤ ባለቤቴም እንደ ፀሐይዋ ዝም ብላለች።

«ወንድሜ፣» አለችኝ ነርሷ፣ «ጉሮሮዋ ውስጥ ቱቦ ስለነበር ሳል ሊተናነቃት ይችላል። አጥብቃ ከሳለች ቁስሉ ይደማል። ለዚህ ነው የሚያረጋጋ መድኃኒት የሰጠናት። እኛ እየተመላለስን እናያታለን፤ አንተ ብቻ አትቀስቅሳት።»

«እሺ እህቴ» አልኩ። እሺ ማለት መቼም አይከብደኝም።

ነርሷ ወጣች። ተቀምጬ አየኋት። የደረቷ ከፍ ዝቅ ማለት እየቀነሰ የሄደ መሰለኝ። የዓይኗ ነጭ በስንጥቁ ይታያል። ቀስ ብዬ ብጠራት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ መልሳ ከደነችው። ነርሷ ያለችኝን አልረሳሁም። ሆዴ ግን የሚሰማው አማቴን ነበር።

የጋቢዬን ጫፍ ፈታሁ። ፌጦውን አፍንጫዋ ሥር ያዝኩላት። ምንም የለም። ጠጋ አደረግኩት። ጠጋ ሳደርገው እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ዱቄቱ ቦነነ። ሽታው የእኔን ዓይን እንኳ አስለቀሰው።

ሳለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያማ ማቆሚያ የሌለው ሳል። ነጩ ፋሻ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጣ፤ ሰፋ። አንገቷ ሲያብጥ ቆሜ አየሁ። «ኧረ የሰው ያለህ!» አልኩ። ነርሷ ሮጣ ገባች፤ ሐኪሙም ተከተላት። አልጋዋን እየገፉ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል መለሷት።

እጄ በዚያች ሰዓት ምን ሲሠራ እንደነበር ልንገራችሁ? የቀረውን ፌጦ መልሶ ይቋጥር ነበር።

«ምን አግኝቷት ነው እንዲህ ያሳላት?» አለችኝ ነርሷ በኋላ።

«እንጃ» አልኩ።

ዳነች። ድምፅዋ ግን አልተመለሰም። በእሱ ፈንታ ደረቅ ገለባ እንደሚፈተግ ያለ ሹክሹክታ መጣ። ሐኪሙን ጠየቅኩት። «የድምፅ ነርቩ እንቅርቱ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ እኔ ነክቼው ይሆናል፤ ያ ደም ተጭኖትም ይሆናል። ለይቼ ልነግርህ አልችልም» አለኝ። እስከ ዛሬም አልለየልኝም።

አገራችን ስንገባ ሳህኗን ሰቀልኩላት። በማንኪያ ሦስት ጊዜ ኳ ኳ ኳ ካደረገች «አንተ ሰነፍ» ማለት ነው። ሰው ስለ ድምፅዋ ሲጠይቃት በዚያው ሹክሹክታ «ቢላዋው ነካብኝ» ትላለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ያ ምስኪን ሐኪም በእኛ ቤት ስንት ዘመን ተወቀሰ! ቀልድ ሲሆን መንደሩን ሁሉ የማስቅ ሰው፣ አንዲት እውነት ለመናገር ወኔ አጣሁ።

ያለፈው ክረምት ሳል ጣላት። የጤና ጣቢያው ሰው «ሳንባዋ ደክሟል፤ ከእንግዲህ የምንችለው ሳሉን ማስታገስ ነው። ይህ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛታል፤ ታርፍበታለች» ብሎ የሚጠጣ መድኃኒት ሰጠን። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ማንኪያውን ወደ አፏ ሳቀርብ እጄ እንደ ጥንቱ ተንቀጠቀጠ። ማንኪያውን አየችው። እኔን አየችኝ።

«ፌጦ የለበትም አይደል?» አለችኝ።

መድኃኒቱ ጋቢዬ ላይ ፈሰሰ። «ታውቂ ነበር?»

«አሸልቤ ነበር እንጂ አልሞትኩ። ሸተተኝ እኮ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ሳትነግሪኝ ቆየሽ?»

«አንተስ?»

ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነ፤ እስኪያልፍላት ደግፌ ያዝኳት። ከዚያ ሌላ ማንኪያ ቀዳሁላት፤ ጠጣች። ዓይኖቿ እየከበዱ ሄዱ። «አንተ ሰነፍ» አለች፤ ከንፈሯን እያየሁ ነው የሰማኋት። አሸለበች።

በመስኮቱ የገባችው ፀሐይ ከአንሶላው ላይ እስክትወርድ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ትንፋሿ እየራቀ ሲሄድ ሰማሁት።

በዚህኛው ጊዜ አልቀሰቀስኳትም።