የአያ ሞላ ክላሽና የኔ ቀለም

ባለፈው ሳምንት ረፋድ ላይ... ድንበር ላይ ባለችው ሸሕዲ ከተማ፣ ጋራዤ ደጅ ቁጭ ብዬ የትራክተር ጭቃ መከላከያ እያሸሁ ቀና ስል፣ አያ ሞላ በሁለት ፖሊሶች መሀል ሆነው ወደኔ ሲመጡ አየሁ። ክላሻቸውን የያዘው አንደኛው ፖሊስ ነው። ያቺ ክላሽ ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት ከኔ እጅ የወጣች ናት።

የኔ ሥራ የብረት በርና የትራክተር ቀለም ነው። መሳሪያ ቀብቼ አላውቅም ነበር። አያ ሞላ ግን ጎረቤቴ ናቸው፤ በዚህ ዕድሜያቸው የሰሊጥ ማሳቸውን ብቻቸውን ነው የሚጠብቁት። ክረምቱ ክላሻቸውን በልቷት፣ ጥይት የሚጎርሰው የብረት አካሏ ቀልቶ ነበር ያመጧት።

«ዝገቱን አንሳልኝና ዘይት ቀባልኝ። ዘይት ይበቃታል» አሉኝ።

እኔ መች እሰማለሁ፣ ባለሙያ ነኛ። «ዘይትማ አቧራ ይሰበስባል፣ ላብ ሲነካው ይለቃል። የትራክተር ቀለም ልቀባልዎት፣ ሁለት ክረምት ዝገት አይነካትም» አልኳቸው። የሚያብለጨልጭ ይሁን ደብዛዛ ብዬም አስመረጥኳቸው።

«የሚያብለጨልጭማ ፀሐይ ላይ ከሩቅ ያሳብቃል። ካልህ ደብዛዛው ይሁን» አሉ፣ ብዙም ሳይጥማቸው።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ አንቲረስት የሚሉትን ቀይ የዝገት መከላከያ ቀብቼ፣ ሁለት ጊዜ ጥቁር ቀለም ደረብኩባት። አዲስ መሰለች። ኮራሁ።

ለካ የመሳሪያ ፈቃዳቸውን ሊያሳድሱ ፖሊስ ጋ መቅረብ ነበረባቸው። ፈቃዱ ላይ የመሳሪያው ቁጥር ተጽፏል... ብረቱ ላይ ግን ቁጥር የሚባል የለም።

ክላሿን የያዘው ፖሊስ፣ ሳጅኑ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አጋደማትና «ይችን የቀባሃት አንተ ነህ?» አለኝ።

«አዎ...»

«ቁጥሯ የታለ?»

እዚህ ድንበር ላይ ቁጥር የሌለው መሳሪያ ማለት ወይ ከማዶ በድብቅ የገባ፣ ወይ ከሰው የተቀማ ነው። ባለቤቱም ይታሰራል፣ ቁጥሩን ያጠፋውም ይታሰራል። ከሁሉ ያስፈራኝ ደግሞ እኔው ራሴ አለማወቄ ነው። ቀለም ደፍኖት ይሆን? ወይስ ስፈትግ ፍቄ አጥፍቼዋለሁ? ያን ቀን ቁጥር የሚባል ነገር ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

«ቀለም ይቀባ ያለው ማን ነው?» አለ ሳጅኑ።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ... አላልኩም።

«እኔ ነኝ ያልሁት» አሉ አያ ሞላ። «እሱ ያዘዝሁትን ነው የሠራ።»

ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ጨርቅ ቀለም ማስለቀቂያው ቲነር ውስጥ ነክሬ ግራ ጎኗን ማሸት ጀመርኩ። ጥቁሩ ለቀቀ፣ ከሥሩ ቀዩ አንቲረስት መጣ። ቁጥር የለም። ደግሜ ነከርኩ። ቲነሩ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ቀዩም ለቀቀ... ብረቱ ሜዳ ነው። በልቤ የማውቀውን ታቦት ሁሉ ጠራሁ። አያ ሞላ ዱላቸውን ተደግፈው እጄን ያያሉ።

«ትንሽ ወደፊት ሞክር» አለ ሁለተኛው ፖሊስ።

አሸሁ። የሆነ ነገር ጥፍሬን ያዝ አደረገው። ሰባት። ቀጥሎ ሁለት... ሳጅኑ ወረቀቱን አስጠግቶ አንድ በአንድ እየጠራ ያመሳክራል። የመጨረሻዋ ዜሮ ስትወጣ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሳጅኑ ፈገግ እንኳ አላለም። «ዳግመኛ ቁጥር ላይ ቀለም እንዳታሳርፍ» ብሎ ክላሿን ለአያ ሞላ መለሰላቸው። ፖሊሶቹ ሄዱ።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አያ ሞላ ቀደሙኝ። ግማሽ ጎኗ ጥቁር፣ ግማሹ ራቁት ብረት የሆነችውን ክላሽ አገላብጠው አዩና «በል አሁን ዘይቱን አምጣ» አሉኝ።

ቀባሁላቸው። ያን ሰዓት ዝም ማለቴን እስከ ዛሬ አላነሱብኝም... ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከእንግዲህ ሰው ክላሽ ይዞ ቢመጣ የሙያ ምክሬ አንድ ብቻ ነው... ዘይት ይበቃታል።