በጋቢው ጠርዝ የሰፋሁት ብር

ለአባቴ ገንዘብ ከመስጠት ያልተገራ ወይፈን መጥመድ ይቀላል። ቄስ ናቸው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከአሸተን ማርያም ሥር ባለችው ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። እኔ ታች ላሊበላ ከተማ በአንዲት የስፌት መኪና ልጄን አሳድጋለሁ። የመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው በእጄ ሰጥቻቸው ነበር። ጣቶቼን በብሩ ላይ መልሰው አጠፏቸውና «አባት ያበላል እንጂ ከልጁ አይበላም፤ ለልጅሽ ጫማ ግዢበት» አሉኝ። የእሳቸው ልጅ መሆኔ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። እሳቸው እምቢ ሲሉ እኔ እልህ ያዘኝ።

ከዚያ በኋላ መደበቅ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ ከወሰድኩላቸው ስኳር ሥር ቀበርኩት። ሌላ ጊዜ በዳዊታቸው ገጾች መሐል ከተትኩት። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ዳዊቱን የሚደግሙት በቃላቸው ነው፤ ገጽ መግለጡን ግን አልተዉም። ብሩን በጣታቸው አገኙት።

«ያንቺ ነው?»

የእኔ ነው ብል እንደሚመልሱልኝ አውቃለሁ። «ኧረ እኔ አላውቅም» አልኩ፣ ዓይኔን ሳላሽ። ለነገሩ ዓይኔን አያዩትም።

«እንግዲያ ሰጪው ካልታወቀ የማርያም ነው» አሉና ወስደው ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ጨመሩት። የስኳሩም ብር የሄደው እዚያው ነበር። ማርያም ይቅር ትበለኝና፣ ያን ቀን በእሷም ቀናሁባት።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከእልህ አለፈ። ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ከፋሲካ በኋላ ወልድያ መጥተው ለጥቂት ቀናት እንደሚሠሩ በጾሙ መሐል ሰማሁ። ሕክምናው ነፃ ነው፤ መንገዱ፣ ማደሪያው፣ ምግቡና ከዚያ ወዲያ የሚገዛው መድኃኒት ነፃ አይደለም። አባቴ ካህን ሆነው መቀደስ ካቆሙ ቆዩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ተደግፈው ቅዳሴውን ከውጭ በለሆሳስ ይከተላሉ። ጥላ ያህል ታይ የነበረችው አንዷ ዓይናቸውም እየደከመች ነበር። ይኼ ካመለጠ ሌላ እንደማይመጣ አድርጌ ነው የያዝኩት።

ለፋሲካ ወፍራም ጋቢ ወሰድኩላቸው። በአንዱ ማዕዘን፣ በድርቡ መሐል፣ ያጠራቀምኩትን ሁሉ በስስ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰፋሁት፤ ጠርዙን በቀጭን ነጭ ክር ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ሐሳቤ ቀላል ነው፤ ቀኑ ሲደርስ የት እንደምንሄድ ሳልነግር ጋቢውን አልብሼ ሚኒባስ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፣ መኪናው ከተማውን ሲለቅ ጠርዙን ፊታቸው እተረትረዋለሁ። መቼም ከመንገድ ወርደው አይመለሱ! በብልሃቴ ብቻዬን እስቅ ነበር።

ሐኪሞቹ ዓርብ ሊያበቁ፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ ዐቀበቱን ወጣሁ። ሐሙስ በማለዳ ልንሄድ ነው። አባቴ ደጃቸው ካለው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። የለበሱት አሮጌውን፣ የተበጣጠሰውን ጋቢ ነው።

«አባ፣ አዲሱ ጋቢ የታለ?»

«ጎረቤታችን ሽማግሌው ዛሬ ጧት ዐረፉ እኮ። ዘመድ የላቸው፣ መገነዣ የላቸው። በብጫቂ ጨርቅ ተጠቅልለው ይሂዱ እንዴ? ያንቺን ሰጠኋቸው።» ደስ ብሏቸዋል። «ምነው? ከፋሽ?»

ብሩ እዚያ እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ብናገር ለሟች የተሰጠ አይመለስም እንደሚሉኝ፣ ሰፈሩም የቄሱ ልጅ የሙት ልብስ በረበረች እንደሚል ታየኝ። ዝም ብል ደግሞ የአባቴ ዓይን ከሽማግሌው ጋር አፈር ሊገባ ነው። እግሬ ግን ቀድሞኝ ሄደ።

ስደርስ ገንዘው ጨርሰዋል። ሬሳው በጋቢዬ ተጠቅልሎ አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ አጠገቡ ሰሌኑ ተዘርግቷል። መርፌ ከአንገትጌዬ አትለይም። «ጠርዙ ላልቷል፤ ቶሎ ላጥብቀው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ማርያም ናት የላከችሽ፤ የኛ ስፌት ምን ያምራል ብለሽ» አለኝ ከሚገንዙት አንዱ። ምርቃቱ እሳት ሆኖ ፈጀኝ።

ብሩን የሰፋሁበት ማዕዘን በሽማግሌው እግር በኩል ነበር። ተንበረከክሁ። ሴቶቹ ከኋላዬ ያለቅሳሉ፣ የአባቴ ምርኩዝ ድንጋዩን እየነካ ሲቀርብ ይሰማኛል። መርፌዬን ከስፌቱ ሥር ሰደድኩና ቆምኩ። ስፌቱ የኔ አይደለም። በነጩ ጋቢ ላይ ወፍራም ጥቁር ክር፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ፣ አንዳንዱም ጠርዙን ስቶ ባዶ የያዘ። በጣቴ ዳበስኩት። ምንም የለም።

ተዘርፌያለሁ! ቀና ብዬ የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አየሁ። አንዱ ፈትቶ፣ ወስዶ፣ ደግሞ እንዳይታወቅበት ሰፍቶታል። ሌባ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር።

«ስፊው እንጂ ልጄ፣ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ነው» አሉ አባቴ ከላዬ።

ሰፋሁት። በጥቁሩ ክር ላይ በነጭ ደርቤ፣ እንባዬ እየወረደ። ሰዎቹ ለሽማግሌው ያለቀስኩ መስሏቸው አጽናኑኝ።

በፍትሐቱ ሁሉ ጸሎት አልሰማሁም። የያንዳንዱን ወንድ እጅ ሳይ ነበር፤ ቃሬዛ የተሸከመውን፣ አፈር የመለሰውን። ማንንም ሳልተው ጠረጠርኩ። ከቀብር ስንመለስ አባቴን በእጃቸው እየመራሁ ከሰዉ ትንሽ ወደኋላ ቀረን። እዚያ ላይ አልቻልኩም።

«አባ፣ ጋቢው ውስጥ ብር ነበረ። ተሰርቋል።»

ቆሙ። «የማን ብር?»

ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

«ሰጪው ማነው ነው የምልሽ።»

«እኔ ነኛ! እኔ! ነገ ወልድያ ሐኪሞቹ ዘንድ ለሚታየው ዓይንዎ ነው፣ ወገቤ እስኪጎብጥ ሰፍቼ ያጠራቀምኩት ነው!» ጮህኩ። ፊት የቀደሙት ሰዎች ዘወር አሉ።

አባቴ ድንጋይ በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ጥምጥማቸውን አወረዱ። ከእጥፉ ውስጥ የኔን ስስ ጨርቅ፣ እንደጠቀለልኩት አወጡት።

«ከፋሲካ ማግሥት ጀምሮ እዚህ አለ» አሉ። «መተርተሩስ ቀላል ነበር፤ መርፌዋ ውስጥ ክር ማስገባቱ ነው ግማሽ ቀን የፈጀብኝ።»

መሳቅም መቆጣትም አቃተኝ። «ታዲያ ባልናገርስ?»

«እሑድ ለማርያም እወስደው ነበር።»

«ዓይንዎስ?»

ጥምጥማቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጨርቁን በአውራ ጣታቸው ያሻሹታል። «እምቢ እንደምልሽ ፈርተሽ ነው?»

«ይሉኛል እንጂ!»

«እላለሁ። ቢሆንም እምቢታዬን ብትሰሚ ይሻል ነበር። እኔን እኮ ሙዳየ ምጽዋት አደረግሽኝ፤ ማንም ሳያየኝ ጨምሮብኝ እንዲሄድ።»

ይኼ ቃል ወጋኝ። ሁሉም ብልሃቴ፣ ስኳሩም፣ ዳዊቱም፣ ድርብ ስፌቱም፣ አፈርኩበት። እሳቸው ግን ጨርቁን መዳፌ ላይ መልሰው አስቀመጡትና ሁለት እጃቸውን አጣምረው ዘረጉ፣ ጠበል እንደሚቀበል ሰው።

«በይ አሁን ስጪኝ።»

ሰጠኋቸው። ጨርቁን ከነጣቶቼ ጨብጠው ያዙኝ፤ እስከዚያች ቀን የእሳቸው እልህ ያልኩት ግማሹ ፍርሃት እንደነበር ያኔ ገባኝ። ከዚያ ጨርቁን ደረታቸው ላይ ያዙት።

«አንቺዬ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወልድያ ብቻዬን አትልኪኝም አይደል?»