አያቴ የተቀመጡባት ቦታ

አያቴ አንድ ነገር ከመትከላቸው በፊት መጀመሪያ ይቀመጡለት ነበር። ግንቦት ሲገባ በርጩማቸውን ይዘው ይወጡና ቀራንዮ ባለችው ጠባብ ግቢያችን ውስጥ አንድ ቀን አጥሩ ጥግ፣ ሌላ ቀን ቧንቧው አጠገብ ይውላሉ።

«አባባ፣ ምን እየሠሩ ነው?» ስላቸው፣ «ለጎመኑ ፀሐይ እየለካሁለት ነዋ!» ይሉኛል።

ጀርባቸውን በደንብ የሞቃቸው ቦታ ለጽጌረዳው፣ ቶሎ ጥላ የሚያርፍበት ለጎመኑ ይሰጣል። ጎረቤታችን ፎቅ ሠርቶ ግማሹን ግቢ ሲጋርድብን እንኳ አልተማረሩም፤ በርጩማቸውን አንሥተው እንደ አዲስ መዞር ጀመሩ። «ፀሐይ ማባከን ነውር ነው» ይሉ ነበር።

ዘንድሮ እሳቸው የሉም። ከአየር ጤና አንድ የኮክ ችግኝ ገዛሁና በርጩማውን አውጥቼ እንደሳቸው እየዞርኩ ተቀመጥኩ። ኮክ ያለ ፀሐይ አያፈራም። ፀሐይዋ እስከ ማታ የምትቆየው ግን በሩ አጠገብ፣ እሳቸው ሥራ ሲጨርሱ አረፍ ይሉባት በነበረችው ቦታ ብቻ ሆነ። የበርጩማው እግሮች ያጎደጎዱት አፈር አሁንም እንደነበረ ነው። ዶማውን ይዤ ቆምኩ።

እናቴ ከቤት ወጥታ አየችኝ። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «ትከይበት እንጂ» አለችኝ። «አባባ ፀሐይ ስትባክን አይወዱም።»

ተከልኩት። በርጩማውን ግን ከችግኙ አጠገብ አላነሣሁትም።