የመሪጌታ ዓለምነው ጉሮሮ

መሪጌታ ዓለምነው ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ በምትገኝ ደብር የዜማ መምህር ናቸው። በትምህርታቸው አይነቀፉም፤ ሰውን ማመን ግን ከድሮም አይሆንላቸውም።

አንድ ማለዳ ሲያስሉ ከጉሮሯቸው ነጣ ያለች ፍሬ ወጣች። በጣታቸው ቢያፈርጧት ክፉኛ ሸተተች። ከዚያ ወዲህ ጉሮሯቸው ላይ አንዳች ነገር የተሰነቀረ ይመስላቸው ጀመር። “ድምፄን ሊዘጉ መድኃኒት አብልተውኛል” አሉ በልባቸው።

ማን እንዳበላቸው ለማወቅ ሩቅ አልሄዱም። በማኅሌት ፊት ለፊታቸው የሚቆሙት የልጅነት ባልንጀራቸው ግራ ጌታ ዘመነ፣ ሰሞኑን መሪጌታ ሲጠጓቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ይስባሉ። ለመሪጌታ ይህ የበደለኛ ገጽ ሆነ።

በዘመነ ቤት ዝክር ዕለት የዘመነ ባለቤት ወይዘሮ ወለላ ጠላ ቀዱና እንደ ደንቡ ጥቂት በመዳፋቸው ቀምሰው ለመሪጌታ አቀረቡ።

“ከመዳፍሽ አይደለም፤ ከዋንጫው ጠጪልኝ” አሉ መሪጌታ።

“በቤቴ? በሰው ፊት?”

“ዘንድሮ እጅ አይታመንም።”

ጨዋታው ሁሉ ቀዘቀዘ። ይህም አልበቃቸው፤ በደጀ ሰላም ላገኙት ሰው “ከዘመነ ቤት ውሃ እንዳትቀምስ” ይሉ ጀመር።

ጉሮሯቸውን በስንጥር ሲጎረጉሩ ደም ቢያዩ ግን ደነገጡ። ልጃቸው መሲ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። ሐኪሙ ባትሪ አብርቶ ጉሮሯቸውን አየ።

“የኔታ፣ የቶንሲል ጠጠር ነው።”

“ማን የጣለብኝ?”

“ማንም። ቶንሲል ሰርጓዳ አለው፤ የምግብ ፍርፋሪ እዚያ እየተጠራቀመ ይጠጥራል። ትንፋሽ የሚያበላሸውም እሱ ነው። በጾም ቀን አፍዎን ይጉመጠመጣሉ?”

“ጠብታ ብትወርድብኝስ? ጾሜን ላፈርስ!”

“ጾምዎን ይጹሙ። ከበሉ በኋላ ግን ለብ ባለ የጨው ውሃ አንጋጠው ይጉመጥመጡ፤ ጥርስዎንም ምላስዎንም ያጽዱ፤ ውሃም በደንብ ይጠጡ። በስንጥር አይንኩት። እየተመላለሰ ካስቸገረዎ ወይም እንደገና ከደማ ይምጡ።”

ከዚህ ሁሉ በመሪጌታ ልብ የቀረው “ትንፋሽ” የሚለው ነው። ዘመነ ለምን ፊታቸውን ያዞሩ እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው።

ጉሮሯቸው ሲሻላቸው ወደ ዘመነ ቤት ሄደው ሐኪሙ ያላቸውን ተናገሩና ከእግራቸው ወደቁ።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“መሪጌታን የሚያህል ሰው አፍህ ይሸታል ይባላል? አፈርኩ።”

እንዲህ ያለው እፍረት ደግነት አይባልም። ባልንጀራውን ከነሕመሙ ትቶ አፍንጫውን የሚሸፍን ሰው፣ ለጥርጣሬው ማገዶ አቀብሏል። ዘመነ ይቅር አሉ። ወለላ ግን ከጓዳ ብቅ ብለው፣

“ለጉሮሮዎ የጨው ውሃ አዘዙልዎ፤ ለስሜስ ምን አዘዙለት?” አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ሕዝቡ ሳይበተን ቆሙና፣ “ዘመነና ወለላ ንጹሐን ናቸው፤ ስማቸውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ” ብለው ተናገሩ።

ከኋላ የቆመች አንዲት ሴት ወደ ጎረቤቷ ጠጋ አለች።

“አየሽ? ይኸው፣ ይህን የሚያናግራቸው ያበሏቸው መድኃኒት ነው።”