ጋሽ ኑሩ ያልጨመሯት ቃል

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ስሙኝና እንደፈለጋችሁ ፍረዱ፤ እኔስ በራሴ መናደዱ ሰልችቶኛል።

በደርግ ጊዜ ቦንጋ አስተማሪ ነበርኩ። ለቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሂሮሺማ ላይ ቦምብ ስላስጣለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቲያትር ጻፍኩ። ፕሬዚዳንቱን የተጫወቱት ከጅማ የመጡት ልብስ ሰፊ ጋሽ ኑሩ ናቸው። የአማርኛ ፊደል ስለማያውቁ ሁሉንም እያነበብኩላቸው በቃል ያዙት። ቁርኣን ሲቀሩ ያደጉ ሰው ስለሆኑ አንዲት ቃል አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ትንሽ ቢለዋወጥ ምን አለበት ብላቸው፣ "የሰጠኸኝን አደራ እንዴት እለውጣለሁ?" አሉኝ።

ፕሬዚዳንቱ ትእዛዙን ከመስጠቱ በፊት ፊቱን በእጁ ሸፍኖ፣ "ከተማው ውስጥ ስንት ሕፃን አለ?" ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። አዎ፣ እኔ። ጋሽ ኑሩ ሲሉት አዳራሹ ውስጥ ያለቀሰ ሰው ነበር።

በማግስቱ በሂስና ግለሂስ ስብሰባ ላይ ካድሬው ተነሳ። "ኢምፔሪያሊስት ለሕፃን ይራራል ያለው ማነው?" አለ። ቲያትሩን የጻፍኩበት ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እኔ ምን አልኩ? "ጽሑፉ ላይ የለም፤ ጋሽ ኑሩ ከራሳቸው ጨምረው ነው" አልኩ። ደብተሩን አሳይ ያለኝ እንኳ የለም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኔ ግን ወለምታም አልነበረም፣ አውቄ ነው የተናገርኩት።

ጋሽ ኑሩ ስምንት ወር ታሰሩ። ሚስታቸው ልጆቹን ለማብላት የስፌት መኪናውን ሸጡ።

ሲፈቱ ገበያ መንገድ ላይ ተገናኘን። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "መምህር፣ ያችን ቃል እውነት እኔ ነኝ የጨመርኳት? አንተ ያነበብክልኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ቁርኣን ስቀራ እንኳ ራሴን አላምንም" አሉኝ።

ይታያችኋል? ካድሬ የለ፣ ስብሰባ የለ፣ ሁለታችን ብቻ ነን። እውነቱን ብናገር ማን ይነካኝ ነበር? "እርጅና ነው፣ ጋሽ ኑሩ" አልኳቸው። ትከሻቸውን መታ መታ አድርጌ መንገዴን ቀጠልኩ። የጻፍኩት ፕሬዚዳንት እንኳ ፊቱን ሸፍኖ ነበር።

ዘመኑ ነው አትበሉኝ፤ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጋሽ ኑሩ ራሳቸውን እንደተጠራጠሩ ሞቱ። ይቅር የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ፣ እናንተ አይደላችሁም። ልጆቻቸው ይህን ካነበቡ ግን ይወቁልኝ፦ አባታችሁ አንዲት ቃል አልጨመሩም።